ለጀማሪዎች የወይን ቅምሻ ላዘጋጅ ነው፤ 10 ጠርሙስ በዛ እንዴ?

ሊያ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ጓደኛዬ ቦሌ አካባቢ ትንሽ ሬስቶራንት አላት። ሰኞ ማታ ቤቱ ጭር ስለሚል የወይን ቅምሻ ትምህርት እናዘጋጅበት ተባባልን። 12 ሰው ተመዝግቧል። ሁሉም ወይን ይወዳሉ፤ ግን እውቀታቸው «ቀይ ይሁን ነጭ?» ከሚለው አያልፍም። እኔም ብሆን አንብቤና ጠይቄ ያወቅሁት ነው እንጂ የተማርኩት ነገር የለም።

ያሰብኩት እንዲህ ነው፦ ሁለት ሰዓት የሚፈጅ፣ 10 ዓይነት ወይን፣ የወይን ታሪክ ከጆርጂያ ጀምሮ በስላይድ፣ ከዚያ አይብ በሽበሽ። ገንዘባችን ግን ውስን ነው። ምን ልቀንስ? አንድ ጠርሙስስ ለስንት ሰው ይበቃል?

የአዳራሹ ሰው
ሆቴል ውስጥ ለብዙ ዓመት ወይን ቀድቻለሁ። 10 በዛ። ከአራተኛው በኋላ የጀማሪ ምላስ ይደክማል፤ ከስድስተኛው በኋላ ደግሞ ትምህርቱ ቀርቶ ግብዣ ይሆናል። 5 ይበቃሻል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ለቅምሻ የሚቀዳው 50 ሚሊ ሊትር ነው። የተለመደው ጠርሙስ 750 ስለሆነ 15 ሰው ያዳርሳል። ለ12 ሰው ከየዓይነቱ አንድ አንድ ጠርሙስ ግዢ፤ የተረፈው ላንቺና ለጓደኛሽ። አንዱ ተበላሽቶ ቢገኝ ግን ጉድ እንዳትሆኚ መጠባበቂያ ያዢ። ሁሉንም እንግዶቹ ከመምጣታቸው በፊት ክፈቻቸውና አሽቺ። የረጠበ ካርቶን የሚሸት ካለ ቡሹ ወይኑን አበላሽቶታል ማለት ነው፤ አትቅጂው።

ብዙ ቤት የሚሳሳተው ሙቀቱ ላይ ነው። ነጩ በረዶ ሆኖ ይመጣል፣ ቀዩ ደግሞ ከመደርደሪያ ላይ ለብ እንዳለ። ነጩን ከመቅዳትሽ 10 ደቂቃ ቀደም ብለሽ ከፍሪጅ አውጪው። ቀዩን በተቃራኒው 20 ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ ክተቺው። 16 ወይም 17 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ይጥማል።

ብርጭቆው አፉ ጠበብ ያለ ይሁን፤ ሽታውን ይሰበስበዋል። ለአንድ ሰው ሁለት ሁለት ብታገኚ ደግሞ እሰየው፤ ጎን ለጎን እያስተያየ የቀመሰ ሰው ቶሎ ይገባዋል። የጆርጂያን ነገር አምስት ደቂቃ ስጪው። የ8,000 ዓመት የወይን ታሪክ በስላይድ ሲተረክ ሰው ብርጭቆውን እያየ ነው የሚቀመጠው።

ሲኒ
እኔ የወይን ሰው አይደለሁም፤ ሥራዬ ቡና መቅመስ ነው። ግን አንድ ነገር ልበል። የውጭ አገር የሽታ ዝርዝር አትስጫቸው። እዚህ ማንም ያላሸተተውን ፍሬ ስም ብትጠሪ ሰው «እኔ አይገባኝም» ብሎ ይሸማቀቃል።

ይልቅ መርካቶ ሂጂ። ኮረሪማ፣ ቅርንፉድ፣ ዘቢብ፣ ጦስኝ፣ ማር፣ የሎሚ ልጣጭ ያዢ። በየሲኒው አድርገሽ ክዳን አድርጊበት፤ ከወይኑ በፊት እያሸተቱ ይገምቱ። አስር ደቂቃ አይፈጅም። ሁሉም አፍንጫ እንዳለው የሚያውቀው ያኔ ነው።

ሌላው፣ ከመናገራቸው በፊት ይጻፉ። አንቺ ቀድመሽ «እንጆሪ ይሸታል» ካልሽ ክፍሉ በሙሉ እንጆሪ ነው የሚለው። እኛም ቡና ስንቀምስ ዝም የምንባባለው ለዚህ ነው። በዚያ ምሽት ደግሞ ቤት ውስጥ ቡና አይቆላ፣ እጣንም አይጨስ። (ይህን እኔ ማለቴ ያሳዝናል።)

ቤዛ
እኔ ዓምና ቤቴ ሞክሬ ጉድ ሆኛለሁ፤ ከኔ ተማሪ። ሰው ደስ ይበለው ብዬ ጣፋጩን አስቀደምኩ። ከዚያ ደረቁን (ስኳር የሌለውን) ቀይ ስቀዳ ግማሹ «ይሄማ አቼቶ ሆኗል» አለ። ወይኑ ምንም አልሆነም፤ ምላሳቸው ላይ ስኳር ስለነበር ነው። ነጩ ይቅደም፣ ከዚያ ቀዩ፣ ጣፋጩ መጨረሻ።

ሁለተኛው ጥፋቴ ምግቡ ነው። በርበሬ የበዛበት ወጥ አቀረብኩ። በርበሬ ሲነካው አልኮሉ ያቃጥላል፣ ቀዩም ይመርራል። በቅምሻው ሰዓት ተራ ዳቦና ውሃ ብቻ አቅርቢ፤ ወጡ ቅምሻው ሲያልቅ ይምጣ። ሦስተኛው፣ ቀኑ ረቡዕ ነበር፤ አይቡን ማንም ሳይነካው ቀረ! ያንቺ ሰኞ መሆኑ ጥሩ ነው፣ ግን ሁዳዴ ውስጥ እንዳይገባብሽ። ግብዣው ላይ ደግሞ «ሽቶ ሳትቀቡ ኑ» ብለሽ ጻፊ።

ሊያ (ጠያቂ)
ተባረኩ! 5 ላይ ወሰንኩ፤ አይቡም ቀረ። አንድ ነገር ግን፣ ታኒን የሚባለውን እንዴት ላስረዳ? እኔ ራሴ ስናገረው ይምታታብኛል።

ጋሽ ተ.
ልጄ፣ አትናገሪው፤ አቅምሻቸው። ሦስት ነገር አዘጋጂ። አንደኛው ሎሚ የተጨመቀበት ውሃ ነው፤ አሲድ ማለት እሱ ነው፣ ምራቅ ያመጣል። ሁለተኛው ስኳር የሌለው፣ ቅጠሉ ብዙ የቆየበት ወፍራም ሻይ። አፍን የሚያደርቅና ድድን የሚይዘው ታኒን ነው። ያልበሰለ ሙዝ የበላ ሰው ያውቀዋል። ከዚያ ሎሚው ላይ ስኳር ጨምረሽ እንደገና አቅምሻቸው። ኮምጣጣነቱ የጠፋ ይመስላል፤ አልጠፋም፣ ስኳሩ ሸፍኖት ነው። ጣፋጭ ወይን ውስጥ የሚሆነውም ይኸው ነው።

ታኒኑም ቀለሙም የሚመጣው ከፍሬው ልጣጭ ነው፤ ታኒን ፍሬው ውስጥ ካለው ዘርም ይወጣል። ቀዩ ከልጣጩ ጋር ነው የሚፈላው። ነጩ ግን ተጨምቆ ጭማቂው ለብቻው ስለሚፈላ አፍ አያደርቅም።

ለጠርሙሱ ሩቅ አትሂጂ። ሪፍት ቫሊ የሚባለው የዝዋዩ ወይን የፍሬውን ዝርያ መለያው ላይ ስለሚጽፍ ለማስተማር ይመቻል፦ ነጩ ሻርዶኔ፣ ቀዮቹ መርሎና ካበርኔ ሶቪኞን። ሦስቱ እነዚህ ይሁኑ። አራተኛው ከውጭ የመጣ አንድ መርሎ ይሁን። ሁለቱን መርሎ ጠርሙሳቸውን በወረቀት ጠቅልለሽ ጎን ለጎን ቅጂ፤ ያገራቸውን ለይተው ያውቁ እንደሆነ እንይ። አምስተኛው አክሱሚት፣ ያገራችን ጣፋጭ ቀይ ወይን። ብዙ ሰው የጀመረው በሱ ነውና ማንም እንዳይሳለቅበት። ጊዜ ከተረፈሽ ጠጅ ጨምሪ፤ የማሩ ጣፋጭና የጌሾው መራራ ሲጋጠሙ ያያሉ።

ደግሞ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥ በሕግ ክልክል ነው። መኪና ይዞ የመጣም ካለ ከመጀመሪያው ጠይቂ፤ አምስት ቅምሻ 250 ሚሊ ሊትር ነው፣ የጠርሙስ ሲሶ ማለት ነው።

ሊያ (ጠያቂ)
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ታዲያ ለሚነዱት መትፊያ ላስቀምጥ? ሰው ፊት መትፋት ነውር መስሎ ይከብዳቸዋል እኮ።

የአዳራሹ ሰው
ለየሰው ውስጡ የማይታይ የወረቀት ኩባያ አስቀምጪ። ከዚያ መጀመሪያ አንቺ ትፊ። ይስቃሉ፤ ከዚያ ሁሉም ይተፋል።