የጣና ዳር የወል መሬት በአፈር እየተሞላ ነው፣ የት እናመልክት?

ሰላም ለሁላችሁ፣ ከባሕር ዳር ነው የምጽፈው። ሕግ ወይም መሬት አስተዳደር የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ አግዙን።

ከሰፈራችን በታች ሐይቁ ዳር ደንገል የሚበቅልበት ረግረግ አለ። የወል መሬት ነው። አሁን በገልባጭ መኪና አፈርና የግንባታ ፍርስራሽ እየተደፋበት፣ ዙሪያው በቆርቆሮ እየታጠረ ነው። አንዱ ቢሮ ስንሄድ "አካባቢ ጥበቃን ጠይቁ"፣ እዚያ ስንደርስ "የመሬት ጉዳይ ነው"። ታንኳ የሚሠራው ከዚሁ ደንገል ነው፣ የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ኑሮም ከእሱ ጋር የተሳሰረ ነው። ረግረጉ ወደ ሐይቁ የሚወርደውን ደለልና ቆሻሻ ያጣራል፣ ዓሣም ይራባበታል። እምቦጭ ሲመጣ ሁላችንም እንጮሃለን፣ ለዚህ ግን ዝም።

ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ (ተፈጥሮና የሰው ኑሮ ተጣጥመው እንዲቀጥሉ የሚጠበቅ አካባቢ) ሆኖ ተመዝግቧል። ጥብቅ፣ መከለያና የሽግግር ቀጠናዎች አሉት። የእኛ ረግረግ የትኛው ውስጥ እንደሚወድቅ የሚያሳይ ካርታ ከየት ይገኛል?

ሌላው፣ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው የግል ጥቅሜ ተነካ ማለት ሳያስፈልገው ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ እንደሚችል፣ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ደግሞ ፍርድ ቤት መሄድ እንደሚችል ይላል። ግን ረግረግን በአፈር መሙላት በዚህ አዋጅ "ብክለት" ይባላል ወይስ ሌላ ሕግ እንጥቀስ?

ፎቶ አለን፣ የሰፈሩን ሰው ፊርማም እያሰባሰብን ነው። ማመልከቻ ጽፎ የሚያውቅ ሰው ናሙና ቢልክልን ደስ ይለናል። መኪናዎቹ ማታ ማታም እየመጡ ስለሆነ ቶሎ ብትመልሱልን።