ጥቆማ፦ ለድሮ ያማሃ ዲቲ 125 ሞተር ሳይክል የስፖንጅ አየር ማጣሪያ የሚሠራ ሰው፣ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ

የጦሳ ሥር ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከአባቴ የወረስኩት ያማሃ ዲቲ 125 አለኝ። ባለ ሁለት ምት ነው፤ የዘይት ጋኑ ለብቻው የሆነው ዓይነት። የአየር ማጣሪያውን ሳጥን ስከፍተው ስፖንጁ እጄ ላይ እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረፈረ። ስፖንጁ የሚለብሰው መደገፊያ ግን ደኅና ነው። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ውስጥ በልኩ ቆርጦ የሚሠራ ሰው፣ ካልሆነም ትክክለኛውን ስፖንጅ የሚሸጥ ሱቅ የምታውቁ ጠቁሙኝ። የምመላለሰው በጠጠር መንገድ ስለሆነ አቧራው ቀላል አይደለም።

ሐረጎ ቁልቁለት፦
ሰኞ ገበያ ሂድ፤ የፍራሽ ስፖንጅ ሞልቷል። ቁራጭ ትገዛለህ፣ በመቀስ ትቆርጣለህ፣ አለቀ። ለዚህም ጥቆማ ያስፈልጋል?

ካንዴላ፦
አላለቀም ወንድሜ፤ የሚያልቀው ሞተሩ ነው። የፍራሽ ስፖንጅ ቀዳዳዎቹ በስስ ገለፈት የተደፈኑ ስለሆኑ አየር እንደ ልብ አያሳልፍም። ሞተሩ ይታፈናል፣ ቤንዚን ይበዛበታል፣ ካንዴላው (እሳት ጫሪው) ጥቀርሻ ይለብሳል። ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ድሮውንም ስስ ነው። ለማጣሪያ የሚሆነው ገለፈቱ እንዲወገድ ተደርጎ የተሠራ ስፖንጅ ነው። ወደ ፀሐይ ስታነሣው ብርሃን ያሳልፋል። አፍህ ላይ አድርገህ ንፋበት፤ ትንፋሽህ በወዲያኛው በኩል እጅህ ላይ ካልተሰማህ ለሻጩ መልስለት። ልኩ የሚነገረው በአንድ ኢንች ርዝመት ውስጥ ባሉት ቀዳዳዎች ቁጥር ነው። 30 ሸካራ ነው፣ 60 ደቃቅ ነው። ሸካራውን ከውጭ፣ ደቃቁን ከውስጥ አድርገው የሚደርቡም አሉ፤ ሁለቱ ተደምረው ግን ከድሮው ውፍረት ማለፍ የለባቸውም።

ባቲ ሰኞ፦
ስለ ማጣሪያ ከተነሣ የእኔን ስሙ። አዲስ አበባ ካለ አንድ የመለዋወጫ ሱቅ «ኦሪጅናል ነው» ተብሎ በዘመድ አስገዛሁ። ሲመጣ ያማረ ነበር፤ በላስቲክ የታሸገ፣ ጽሑፍ ያለበት። ትንሽ እንደነዳሁት ሞተሩ ጉልበት አጣ፤ ጠዋት ጠዋት ሲነሣም መንጫጫት ጀመረ። መካኒኩ ሳጥኑን ሲከፍተው ማጣሪያው በመጋጠሚያው በኩል ከላይ እስከ ታች ተላቋል፤ ማስቲሹ ቤንዚን ሲነካው ሟሙቶ ነው። የባቲ አቧራ በዚያ ስንጥቅ ሲገባ ከርሟል። ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ተበልቷል፣ ሲሊንደሩ ተጭሯል። ቶርኖ ቤት አስፍቼ ትልቅ ቁጥር ፒስተን አስገባሁ። ሱቁ ጋ ስደውል «የአጠቃቀም ችግር ነው» አሉኝ። የማጣሪያ አጠቃቀም ደግሞ ምን ይሆን?

ሐረጎ ቁልቁለት፦
የሱቁን ስም ጻፈው፤ ሌላው ሰው ይጠንቀቅ።

ባቲ ሰኞ፦
ስም አልጽፍም። ክስ ላይ ነኝ ማለት ይቻላል።

ካንዴላ፦
ክስ? በማጣሪያ?

ባቲ ሰኞ፦
በማጣሪያ አይደለም፣ በሲሊንደር ነው። የከፈልኩትን እኔ ነኝ የማውቀው።

መርሳ ላይ፦
ኩሽኔታውንም አስፈትሸው። በባለ ሁለት ምት ሞተር አየሩ ወደ ሲሊንደር ከመግባቱ በፊት በክራንኩ (ፒስተኑ በሚያዞረው ዘንግ) ክፍል በኩል ነው የሚያልፈው። ስለዚህ አቧራው የክራንኩን ኩሽኔታም ሳይነካ አይቀርም። ሲሊንደር ብቻ አሠርተህ ከተውከው ነገ ደግሞ ከሥር ይጮሃል።

ባቲ ሰኞ፦
አሁን ይህን ማን ንገረኝ አለህ?

ወይዘሮ ሆጤ፦
ስፖንጅ ለሚፈልገው ልጅ፦ እዚህ ሆጤ ሰፈር መቀመጫ የሚሰፋ ጎበዝ ልጅ አለ። የባለቤቴን ሞተር መቀመጫ አዲስ ስፖንጅ አስገብቶ፣ ቆዳ አልብሶ እንደ አዲስ አድርጎታል። ሁለት ሰው ሲቀመጥበት እንኳ አይሰምጥም።

የጦሳ ሥር ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ እትዬ፤ የእኔ ግን የአየር ማጣሪያ ነው እንጂ መቀመጫ አይደለም።

ወይዘሮ ሆጤ፦
እሱንም ብትጠይቀው አይጠፋውም። እጁ ወርቅ ነው።

የኮምቦልቻ ልጅ፦
ጀመዓ፣ ለምን ትደክማላችሁ? ኮምቦልቻ መናኸሪያው ጀርባ ሐጂ አሉ። ከእሳቸው ወዲያ ሰው የለም።

ካንዴላ፦
ሐጂ የስፖንጅ ማጣሪያ ሠርተው ያውቃሉ?

የኮምቦልቻ ልጅ፦
ሐጂ የማይሠሩት ነገር የለም። አባቴም እሳቸው ጋ ነበር የሚያሠራው።

ካንዴላ፦
ማጣሪያ?

የኮምቦልቻ ልጅ፦
ብስክሌት። ግን ሙያ ሙያ ነው።

ሐረጎ ቁልቁለት፦
እንግዲያውስ እኔም የጥርስ ሕመሜን ይዤ እሳቸው ጋ ልውረድ።

የኮምቦልቻ ልጅ፦
ቀልድ። ሐጂን የቀለደባቸው ሁሉ ዞሮ ዞሮ በራቸው ላይ ነው የሚገኘው።

የቆቦ መስኖ፦
አብሽር የጦሳ ሥር ልጅ፤ አንተ የምትፈልገው ነገር እኛ ዘንድ የገበሬ ዕቃ ነው። ቆቦና ጊራና ሸለቆ የመስኖ አገር ነው፤ በቤንዚን የሚሠራ የውሃ መሳቢያ ሞተር በየማሳው አለ። ከእነዚህ ሞተሮች ብዙዎቹ በወረቀት ማጣሪያቸው ላይ ስፖንጅ ይለብሳሉ፤ ስፖንጁም ካንዴላ ከላይ የነገረህ ዓይነት ነው። ወልዲያም ኮምቦልቻም የውሃ ሞተር መለዋወጫ የሚሸጡ ሱቆች ስላሉ የስፖንጁን ቀለበት ገዝተህ ትሰነጥቀዋለህ። አንዱ ካልበቃህ ሁለት ትቀጥላለህ። እኔ ለድሮ ሞተሬ የሠራሁት በዚሁ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ መደገፊያውን በወረቀት ጠቅልለህ ልኩን አውጣ፤ የተፈረፈረውን ስፖንጅ ልክ አትመን፣ ተሸብሽቧል። ስፖንጁን በመቀስ አትቁረጥ፤ መቀስ ጠርዙን ይጨፈልቀውና ሲለቀቅ ይወላገዳል። በሁለት ጣውላ መካከል አድርገህ አጥብቀህ ተጫነውና በጣውላው ጠርዝ ላይ አዲስ ምላጭ በአንድ ጊዜ ጉተት። ለማጣበቂያ ጫማ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ማስቲሽ ይሆናል፤ ነጩን የእንጨት ኮላ ተወው፣ ስታጥበው ውሃ ያላቅቀዋል። ሁለቱንም ጠርዝ በስሱ ቀባ። ጣትህ ላይ መጣበቁን እስኪያቆም ጠብቅና አንዴ ግጠመው፤ ከገጠመ በኋላ ማስተካከል የለም። ማስቲሹ ከወፈረ ደርቆ ግድግዳ ይሠራል፣ በዚያ በኩል አየር አይገባም።

ሲደርቅ ዘይት ይጠጣ። ደረቅ ስፖንጅ ትልልቁን ጠጠር እንጂ ዱቄቱን አቧራ አይዝም፤ አቧራውን የሚይዘው ዘይቱ ነው። የማጣሪያ ዘይት ካጣህ የካምቢዮ (የማርሽ) ዘይት ተጠቀም፤ ስለሚወፍር ቶሎ አይወርድም። በእጅህ ጨብጠህ ትርፉን አስወጣው፤ እንደ ልብስ አትጠምዝዘው፣ መጋጠሚያው ይቀደዳል። ከሳጥኑ ጋር በሚገናኝበት ከንፈር ዙሪያ ግሪስ ቀባ። ሲቆሽሽ በነጭ ጋዝ፣ ቀጥሎ በሞቀ ውሃና በሳሙና ይታጠባል። በቤንዚን አይታጠብም፤ የባቲው ወንድማችን ያየውን ታያለህ፣ እሳቱም ሌላ ጣጣ ነው።

ባቲ ሰኞ፦
እኔ በቤንዚን አላጠብኩትም! ይሰመርበት።

የቆቦ መስኖ፦
አላልኩም ወንድሜ። ከካርቡራተሩ ወደ ኋላ የሚተፋው ቤንዚንም ደካማ ማስቲሽ ይፈታል ማለቴ ነው።

ባቲ ሰኞ፦
እሱን ለሱቁ ንገርልኝ።

ካንዴላ፦
የቆቦው ጥሩ ብሏል። አንድ ነገር ልጨምር፦ አዲሱን ከገጠምክ በኋላ ካንዴላውን አውጥተህ ቀለሙን እይ። ቡናማ ከሆነ ተስማምቶታል። ከጠቆረ ማጣሪያው አፍኖታል ወይም ዘይቱ በዝቷል። ነጭ ከሆነ አየር በዝቷል፤ ስፖንጁ ሳስቷል ወይም የሆነ ቦታ ክፍተት አለ። ነጭ ሆኖ አትንዳው፣ ፒስተን ያቀልጣል።

መርሳ ላይ፦
እኔ ብሆን ይህን ሁሉ ከምለፋ ሸጬው አዲስ ሞተር እገዛለሁ። ወረቀት ማጣሪያ ነው፣ ትቀይራለህ፣ ትሄዳለህ።

ሐረጎ ቁልቁለት፦
የአባቱ ነው አለህ እኮ።

መርሳ ላይ፦
የአባቱ ከሆነ ስንት ይሸጠዋል?

የጦሳ ሥር ልጅ፦
የሚሸጥ አይደለም። የቆቦውን ወንድሜንና ካንዴላን ከልብ አመሰግናለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ኮምቦልቻ ያሉት የውሃ ሞተር መለዋወጫ ሱቆች እሑድ ይከፍታሉ? በሥራ ቀን መውረድ አልችልም።

ወይዘሮ ሆጤ፦
የሆጤው ልጅ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አለ።

የኮምቦልቻ ልጅ፦
ሐጂ የሚዘጉት ዓርብ ለጁምዓ ሰዓት ብቻ ነው።