ጥቆማ፦ ድሬ ላይ ጎበዝ ፖምፒስታ ማን ጋ ነው?

ጠያቂ፦ ሰላም የድሬ ልጆች። አጎቴ ጅቡቲ ውስጥ ቱሪስት ወደ ሙሻ ደሴት የሚያመላልስ ጀልባ አለው። ጀልባው ሁለት የናፍታ ሞተር ነው ያለው። የግራው ፍጥነት ሲጨምሩ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ዙሩም አይሞላም። እዚያ የተጠየቀው ዋጋ ስላስደነገጠው ናፍታ የሚገፋውን ፖምፓና ናፍታ የሚረጩትን ኖዝሎች ፈትቶ ወደኔ ሊልክ ነው፣ እዚህ ፖምፒስታ (የፖምፓ ጠጋኝ) እንዲያይለት። ሁለት ቦታ ተጠቁሜያለሁ። አንዱ ሳቢያን ያለው፣ መፈተሻ ማሽን ያስገባው። ሌላው ለገሀሬ ያሉት ሽማግሌ። የቱ ይሻላል?

ከዚራ ሠፈር፦ ጀልባ? ደቻቱ ወንዝ ላይ ልትነዱት ነው? ክረምት ጠብቁ እንግዲህ 😂

ሚሚ ድሬ፦ በደቻቱ አይቀለድም። የ1998ን ጎርፍ ያየ ሰው አይስቅም።

ከዚራ ሠፈር፦ እሺ ይቅርታ።

ናፍታ በናፍታ፦ ሽማግሌው። አለቀ። ምድር ባቡር ዲፖ ያደጉ ሰው ናቸው። ማሽን ምን ያደርግላቸዋል፣ በጆሯቸው ነው የሚያውቁት።

ባለ አይሱዙ፦ ማንም ጋ ውሰድ፣ ምልክት ሳታደርግ ግን እንዳትሰጥ። አምና ኖዝል ላሳጥብ አንድ ቦታ ሄድኩ፣ ስሙን አልጠራም። አራቱም አንገት ላይ በምስማር ትንሽ «መ» ጭሬ ነበር። ስቀበል ሦስቱ ላይ አለ። አራተኛው ልሙጥ ነው። «ስናጥበው ለቆ ይሆናል» አሉኝ። በምስማር የተጫረ ብረት በናፍታ ይለቃል እንዴ? ከዚያ ወዲህ መኪናው ጠዋት ጠዋት እንደ ሽማግሌ ሳል ነው።

ሚሚ ድሬ፦ የኔ ባል ጀነሬተር ላይም እንዲሁ አድርገውታል!!

ጎሮ ልጅ፦ እኔ ደግሞ ራዲያተር ነው ያቃጠለኝ። ዋሪያ፣ የድሬን የቧንቧ ውሃ ራዲያተር ውስጥ አትጨምሩ። የሻይ ማንቆርቆሪያችሁን ውስጡን ተመልከቱ፣ ያ ነጭ ቅርፊት ሞተራችሁም ውስጥ አለ።

ባለ አይሱዙ፦ ፖሊስ ጋ ልሂድ ብዬ ነበር። ለአንድ ኖዝል!

ናፍታ በናፍታ፦ ሽማግሌው ጋ ቢሆን ይህ አይደርስብህም። የኔን ሦስት ሳምንት አቆዩብኝ፣ ሁለቴም መለስኩት። ግን ሰው ናቸው።

የወደብ ልጅ፦ አቦ ፖምፓውን አትንኩ ገና። ጅቡቲ የጀልባ ሞተር ላይ ዓመታት ሠርቻለሁ። ሁለቱም ሞተር ቢያጨስ ኖሮ የጀልባውን ሆድ አሳጥቡ እል ነበር፣ ባሕሩ ሙቅ ስለሆነ ዛጎል ቶሎ ይለጠፍበታል፣ ሞተሩ ይከብደዋል። አንዱ ብቻ ከሆነ ግን ነገሩ እዚያው እሱ ጋ ነው። በቅድሚያ ፕሮፔለሩን እዩ፣ የዓሣ መረብ ወይም ገመድ ተጠምጥሞበት ይሆናል። ቀጥሎ የአየር ፊልትሮ። ቀጥሎ የጭስ ማውጫውን ጎሚቶ (እጥፉን ቧንቧ) ፍቱት። እዚያ ጋ ጭሱ እንዲቀዘቅዝ የባሕር ውሃ ይቀላቀለዋል። ጨውና ጥላሸት እየተጋገረ ቀዳዳውን ያጠበዋል። አንዴ አንዱን ስፈታ ትንሿ ጣቴ አልገባ አለች። ጭሱ ካልወጣ ንጹሕ አየር አይገባም፣ አየር ያጣ ናፍታ ደግሞ ሳይቃጠል ጥቁር ሆኖ ይወጣል። የባሕር ውሃ የሚስበውን ፓምፕ ጎማም እዩ። ክንፉ ከጎደለ ቁራጩ ማቀዝቀዣው ውስጥ ተወትፏል ማለት ነው፣ ሳታወጡ አትግጠሙ። ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ያኔ ፖምፓ። ሲነቀልም የተገጠመበት ቦታ (ታይሚንጉ) ላይ ምልክት ይደረግ።

ከዚራ ሠፈር፦ ፖምፒስታ ተጠየቀ፣ የባሕር ኃይል ሥልጠና ተሰጠ።

ጠያቂ፦ ወንድሜ አላህ ይስጥህ። አሁኑኑ ለአጎቴ በድምፅ ልኬለታለሁ።

ጎሮ ልጅ፦ የግድ ከመጣ ናፍታውን አፍስሶ በደንብ ጠቅልሎ ይላከው። ለጥገና መሆኑን የሚገልጽ ወረቀት ይኑረው፣ ያለዚያ ደወሌ ጉምሩክ ላይ ስታስረዳ ትውላለህ። ደግሞ ጠዋት ውሰደው። ከ6 ሰዓት በኋላ በርጫ ነው፣ ማንንም አታገኝም።

ናፍታ በናፍታ፦ ሽማግሌው አይቅሙም።

ባለ አይሱዙ፦ እና ያ ኖዝል አሁን የማን መኪና ላይ ይሆን?

*(ከሁለት ሳምንት በኋላ)*

የወደብ ልጅ፦ ጠያቂ፣ ጎሚቶው ተፈታ? ምን ተገኘ?

ሚሚ ድሬ፦ ጀልባው ለጫጉላ ይከራያል? ስንት ነው?