ጣና ላይ የእሳት አደጋ ጀልባ ያዋጣል?

ባለጀልባው፦
ከባሕር ዳር ዘጌ ሰው አመላልሳለሁ። ባለፈው በጋ ሐይቁ ዳር አንዲት የሣር ጎጆ ስትነድ ደረስን። ጀልባዬ ላይ የነበረው ሁለት ጄሪካንና አንድ ባልዲ ነው። ከውሃው እስከ ጎጆዋ 30 እርምጃ ቢሆን ነው። ዓይናችን እያየ አመድ ሆነች። እስካሁን ያንገበግበኛል። ሰሞኑን ደግሞ የኒውዮርክን የእሳት አደጋ ጀልባ በቪዲዮ አየሁ። ውሃውን ሰማይ ድረስ ትተፋዋለች! በትንሹም ቢሆን ለእኛ ይሆናል? የምታውቁ በሉኝ።

መርከብ ወዳድ፦
ያየሃት «ሦስት መቶ አርባ ሦስት» ትሆናለች። በመንትዮቹ ሕንፃዎች ጥቃት ለሞቱት 343 የእሳት አደጋ ሠራተኞች መታሰቢያ ናት። ርዝመቷ 43 ሜትር ገደማ፣ ሥራ የጀመረችው በ2010 እ.ኤ.አ.። በደቂቃ ወደ 190 ሺህ ሊትር ትረጫለች። ባለ 10 ሺህ ሊትር ቦቴ ብትደረድር 19 ማለት ነው፣ በአንዲት ደቂቃ!
ግን ውሃ ወደ ፊት ስትረጭ ጀልባዋን ወደ ኋላ ይገፋታል። እየረጨች በቦታዋ የሚያቆማት ኃይል ያስፈልጋታል። ያንን መርጫ ያንተ ጀልባ ላይ ብትተክለው እሳቱን ትተህ ደብረ ማርያም ደሴት ላይ ትገኛለህ 😄
ላንተ የሚሆነው ሌላ ነው። ያኔ ጥቃቱ ሲደርስ የከተማው የውሃ መስመር ተበጣጥሶ ነበር። በ1931 እ.ኤ.አ. የተሠራችው ጆን ጄ. ሃርቪ ጡረታ ከወጣች በኋላ ተጠርታ መጣች። ከሃድሰን ወንዝ እየሳበች የብስ ላይ ላሉት ውሃ ሰጠች። ጀልባዋ ቧንቧ ሆነች ማለት ነው።

ሞተር ጠጋኙ፦
ካፒቴን፣ እኔ የሽንኩርት አምራቾችን የውሃ ሞተር ነው የምጠግነው። የሚያስቸግርህ ዳር ዳሩ ነው፤ ውሃው ስስ ነው፣ ሥሩ ጭቃ። መሳቢያው ጭቃ ወይም እምቦጭ ከጎረሰ አለቀ። እኛ ወንፊቱን የተበሳሳ ባልዲ ውስጥ እንከታለን። ባልዲውን ባዶ ጄሪካን ላይ እናስራለን፣ ይንሳፈፋል። ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነን። አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ (አየር አምቆ የሚያስገባ) የሌለው ሞተር ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ጠንከር ያለ ግዛ።

ባለጀልባው፦
ባልዲና ጄሪካንማ አለኝ 😅 ባለ 3 ኢንች ሞተር ከዘመድ አገኛለሁ። ቱቦውስ ስንት ሜትር ይበቃል?

ሞተር ጠጋኙ፦
60 ያዝ። ዳገቱን ግን አትርሳ፣ 10 ሜትር ወደ ላይ በወጣህ ቁጥር አንድ ባር ግፊት ይበላብሃል። መጀመሪያ ከጀልባህ ሆነህ ባዶ ሜዳ ላይ ሞክረው።