የላዳክ ጉዞ፦ ረቂቁን እናስተካክል

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። በሰሜን ሕንድ ተራሮች ወዳለችው ላዳክ ለሚደረገው ጉዞ ለጠቅላላ ጉባኤው የሚቀርበው የ12 ሰው ረቂቅ ይኸው። ነሐሴ 18 ማታ (ኦገስት 24) ከአዲስ አበባ ወደ ዴልሂ፣ አንድ አዳር፣ ከዚያ በአውሮፕላን የላዳክ ትልቋ ከተማ ሌህ፤ በማግሥቱ ካርዱንግ ላ የተባለውን የተራራ ማለፊያ ተሻግሮ ኑብራ ሸለቆ፣ ቀጥሎ ፓንጎንግ ሐይቅ፣ ቀጥሎ ጾ ሞሪሪ ሐይቅ። ጊዜው ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ፣ ከእንቁጣጣሽ በፊት ነው። አስተያየት ስጡበት።

የጤና ንዑስ ኮሚቴ፦ ወሩ ጥሩ ነው፣ የቀኖቹ አደራደር ግን ሰው ያሳምማል። ዴልሂ ከባሕር ጠለል በላይ 216 ሜትር ናት፣ ሌህ 3,500። አውሮፕላኑ አንድ ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ያደርሰናል፤ ሳንባና አእምሮ ግን ለመልመድ ቀናት ይፈልጋሉ። በማግሥቱ ካርዱንግ ላ፣ 5,359 ሜትር ላይ መውጣትማ ጨርሶ አይሆንም።

አባል፦ ዶክተር፣ እኛ እኮ የደጋ ሰዎች ነን። አዲስ አበባም 2,300 ላይ ናት።

የጤና ንዑስ ኮሚቴ፦ ጋሼ፣ አይጠቅምም አልልም፤ ትንሽ ይረዳል። ነገር ግን ሌህ ከአዲስ አበባ በ1,200 ሜትር ትበልጣለች፣ ካርዱንግ ላ ደግሞ ከራስ ዳሽን በ800 ገደማ። ደንቡ ከ3,000 በላይ ማደሪያን በቀን ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር ነው። ቀን ከፍ ብሎ ማታ ዝቅ ብሎ ማደር ይቻላል። አሴታዞላማይድ (የከፍታ ሕመም መከላከያ መድኃኒት) የሚወስድ ሰው የራሱን ሐኪም ያማክር፤ ለመከላከያ የተለመደው 125 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ ነው፣ ከመውጣት አንድ ቀን በፊት ይጀመራል። ጣት ይነዝራል፣ ሽንት ያበዛል፤ ለሰልፋ መድኃኒት አለርጂ ያለበት ሳይጠይቅ እንዳይነካው። የራስ ምታት ያለበት ሰው እስኪሻለው ከፍ አይልም። ተረከዝን ከጣት እያስነካ በቀጥታ መስመር መራመድ ያቃተው፣ ወይም ተቀምጦም ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ግን ያኔውኑ ይውረድ፣ በሌሊትም ቢሆን። የኦክስጅን ጣሳ ጊዜ ይገዛል እንጂ መውረድን አይተካም።

የመስመር አስተባባሪ፦ እንግዲያው ከሌህ አውሮፕላን ማረፊያ ከተማው ሳናድር ወደ ምዕራብ፣ አልቺ ወደተባለችው መንደር እንሂድ። በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል ነው፣ ከፍታው 3,100 ገደማ። ሁለት ሌሊት እዚያ ብናድር ሰውነት ይለምዳል፣ ቅርሱም የሚታየው እዚያ ነው። ሱምጼክ የሚባለው የአልቺ የቡድሃ ቤተ መቅደስ ባለሦስት ፎቅ ነው፤ በሩ ዝቅ ያለ፣ ውስጡ ጨለማ። ቆመው ያሉት የሦስቱ ቦዲሳትቫዎች (የቡድሃ እምነት ቅዱሳን) ሐውልቶች ከመርዘማቸው የተነሣ ራሳቸው ወደ ላይኛው ፎቅ ያልፋል። ከወገብ በታች የለበሱት ጨርቅ ላይ የተሣሉትን ጥቃቅን ሥዕሎች ለማየት የእጅ ባትሪ ያዙ፤ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው። ብዙ ተጓዥ ለሐይቁ ሲሮጥ ይህን ይዘለዋል፣ እኔ ግን ከሐይቁ አስቀድመዋለሁ። የማኒ ግንብ (ጸሎት የተቀረጸባቸው ድንጋዮች ክምር) እና ስቱፓ (የቡድሃ እምነት መታሰቢያ ሕንፃ) ሲያጋጥም ሁልጊዜ በቀኝ እጃችን በኩል አድርገን እንለፍ።

ጾ ሞሪሪ 4,500 ላይ ስለሆነ ይሰረዝ። ፓንጎንግ ይቅር አልልም፤ ማደሪያው ግን ዳርቻው ላይ ሳይሆን ታንግጼ መንደር ይሁን፣ 4,000 ገደማ ነው። ከኑብራ በሺዮክ ሸለቆ በኩል ይገባል። የቀለጠ በረዶ ውኃ ከሰዓት በኋላ ወንዙን ስለሚሞላውና መንገዱን ስለሚቆርጠው ከንጋቱ 12 ሰዓት መነሳት አለብን።

ሒሳብ ያዥ፦ ኑብራም ፓንጎንግም ለውጭ ዜጋ ልዩ ፈቃድ ይጠይቃሉ። የሚወጣው በተመዘገበ የጉዞ ወኪል በኩል ነው፣ ቢያንስ ለሁለት ሰው። ኬላዎቹ ወረቀት ስለሚያስቀሩ እያንዳንዱ ሰው ስድስት ፎቶ ኮፒ ይያዝ። መኪና ከላዳክ ውጭ ካለችው ከማናሊ ከተማ አናምጣ፤ የላዳክ ታክሲ ማኅበር የውጭ ኪራይ መኪና ውስጥ ለውስጥ እንዲያስጎበኝ አይፈቅድም፣ ዋጋውም በማኅበሩ የተተመነ ነው። ሁለት መኪና፣ ስድስት ስድስት ሰው። ጥሬ ገንዘብ ከሌህ ይወጣል።

ደግሞ የቢጫ ወባ ካርድ! ከኢትዮጵያ የሚገባን መንገደኛ ሕንድ ትጠይቃለች፤ ከሌለ እስከ ስድስት ቀን ለይቶ ማቆያ አለ። ክትባቱ የሚጸናው ከ10 ቀን በኋላ ነው።

አባል፦ የስልኩስ ነገር? ሳተላይት ስልክ አለኝ፣ ላምጣው?

የመስመር አስተባባሪ፦ በፍጹም አያምጡ። ያለ ፈቃድ መያዝ በሕንድ ያሳስራል፤ የሳተላይት መልእክት መላኪያዎችም እንዲሁ። ከሌላ ክፍለ ግዛት የተገዛ ቅድመ ክፍያ ሲም ላዳክ ላይ አይሠራም፤ ድኅረ ክፍያ ነው የሚሠራው። ሾፌሮቹ ስላላቸው በእነሱ እንገናኛለን።

አባል፦ ረቡዕና ዓርብ ለምንጾመውስ?

የመስመር አስተባባሪ፦ እህቴ፣ ጻምፓ የሚሉት የኛው በሶ ነው፣ የተቆላ ገብስ ዱቄት። እነሱ ጨውና ቅቤ ባለው ሻይ ያሹታል፤ “በሙቅ ውኃ ብቻ” ማለት ይበቃል። ምስር በሩዝም በየቦታው አለ። ቱክፓ ሾርባ ስታዝዢ ግን መረቁ የሥጋ መሆን አለመሆኑን ጠይቂ።

ጸሐፊ፦ የተስተካከለው፦ ዴልሂ 1 ሌሊት፣ አልቺ 2 (ላማዩሩ ገዳም በሁለተኛው ቀን ደርሶ መልስ)፣ ሌህ 3፣ ዲስኪት (ኑብራ) 2፣ ታንግጼ 1፣ ሌህ 2 (ሄሚስና ቲክሴ ገዳማት)፣ ዴልሂ 1። የመጨረሻው የዴልሂ ሌሊት መጠባበቂያ ነው፤ የሌህ በረራ በጠዋት ካልተነሳ በነፋሱ ምክንያት ለነገ ይዞራል። የፓስፖርትና የቪዛ ቅጂ ለሒሳብ ያዥ ላኩ። የታንግጼን አዳር የሚቃወም እስከ ዓርብ ይጻፍ።