ከባሕር ዳር ድሬዳዋ፦ እናታችንን በምን እንላክ?

ጥያቄ፦ ሰላም ጎረቤቶች። የምኖረው ለቡ ነው። እናቴ ከባሕር ዳር ተነስታ እህቴን አራስ ልትጠይቅ ድሬዳዋ ትሄዳለች። ስልኬ ላይ ሳይ በአየር 540 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በረራው ከአንድ ሰዓት ትንሽ አለፍ የሚል ነው ይላል። ጉልበቷን ያማታል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ እንኳን ማርያም ማረቻት! ርቀቱ ልክ ነው፤ ግን ካርታ ላይ በቀጥታ የተሰመረ ነው። የአገር ውስጥ በረራችን በአብዛኛው ቦሌን ይዞ ስለሚሄድ እናትሽ መጀመሪያ አዲስ አበባ ያርፋሉ ብለሽ አስቢ። ከባሕር ዳር ቦሌ ወደ 330፣ ከቦሌ ድሬዳዋ ወደ 340 ኪሎ ሜትር ነው። እያንዳንዱ በረራ አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ ቀኑን የሚበላው በመካከል ያለው ጥበቃ ነው። ስለዚህ ከቤት ወጥተው ቤት እስኪገቡ ያለውን ሰዓት አስይ።

ሁለቱንም በረራ በአንድ ትኬት ቁረጪላቸው። ለየብቻ ተቆርጦ የመጀመሪያው ከዘገየ ሁለተኛው ያመልጣቸዋል፣ ኪሳራውም የእናንተ ይሆናል። በአንድ ትኬት ከሆነ ግን በሚቀጥለው የማሳፈሩ ጣጣ የአየር መንገዱ ነው። ሻንጣው እስከ ድሬዳዋ እንዲላክላቸው ባሕር ዳር ላይ ያሳስቡ። ዊልቸርም ትኬቱን ስትቆርጪ አስመዝግቢ፤ በአገር ውስጥ መስመር የሚበረው ብዙ ጊዜ ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 ስለሆነ ደረጃ መውጣት አለ።

ሌላ መልስ፦ ለቡ ሆነሽ ባቡሩን እንዴት ትረሺዋለሽ? የፉሪ ለቡ ጣቢያ ደጃችሁ ነው። እናትሽ በአውሮፕላን መጥተው አንቺ ጋ ይረፉና ከዚያ ይሳፈሩ። አዳማን፣ መተሐራን፣ አዋሽን፣ ሚኤሶን እያለፈ ጠዋት የተነሳው ከሰዓት በኋላ ድሬዳዋ ይገባል። ለአራስ የገንፎ ዱቄትና ቅቤ ይዞ ለሚሄድ ሰው ምቹ ነው። የሚነሳበትን ቀን ግን ጣቢያው ሄደሽ አረጋግጪ። ከብት ወይም ግመል ሐዲዱ ላይ ሲገባም ይዘገያል። የድሬው ጣቢያ ከከተማው ወጣ ስለሚል የሚቀበላቸው ሰው ይኑር።

የመጀመሪያው መላሽ፦ ባቡሩን እኔም እወደዋለሁ፤ ለጤነኛ ሰው ከሁሉም አስቀድመዋለሁ። ጉልበት ለሚያመው ግን ያን ያህል ሰዓት መቀመጥ ከባድ ነው። እናትሽ ለቡ አርፈው አንቺን ማየት ከፈለጉ፣ አብረሻቸው የምትሄጂም ከሆነ፣ እሺ። ብቻቸውን ከሆኑ አውሮፕላኑ ይሻላል።

አውቶቡስን ተይው። ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ በመኪና ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ከአሰበ ተፈሪ ወዲያ ያለው ተራራና ጠመዝማዛ ለእሳቸው አይሆንም።

ጉዞው ታኅሣሥ 19 ወይም ሐምሌ 19 አካባቢ ከዋለ ደግሞ ዛሬውኑ ቁረጪ። የቁልቢ ገብርኤል ተጓዥ አውሮፕላኑንም ባቡሩንም ይሞላዋል።