አስቸኳይ፦ የልጆች ኮሚክ ውሃ ገባበት፣ ገጾቹ እየተጣበቁ ነው (ድሬዳዋ)

ሰላም ሳቢያን — አርብ ማታ 1፡20
እባካችሁ የሚያውቅ ሰው ቶሎ ይመልስልኝ። ኮሚኮቹ፣ በሥዕል የሚተረኩት የልጆች መጽሔቶች፣ ውሃ ገባባቸው። አንዱን ከሰዓት ፀሐይ ላይ አስጥቼው ነበር፣ ሲደርቅ እንደ ጡብ ሆነ። አንድም ገጽ አይገለጥም። ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ልጆቹ ይመጣሉ። የቀሩትን ምን ላድርጋቸው? ነገ ፀሐይ ስትወጣ ላስጣቸው ወይስ ይብስባቸዋል?

የከዚራ ልጅ — 1፡24
አቦ አትጨነቂ! የድሬ ፀሐይ እያለ እርጥብ ወረቀት ያስጨንቃል እንዴ? ጠዋት ቆርቆሮ ላይ ስጫቸው፣ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

ድጉስ ዘሐረር — 1፡31
ቆርቆሮ ላይ እንዳታወጫቸው እህቴ! መጀመሪያ ሦስት ነገር ንገሪን። ወረቀቱ የሚያብረቀርቅ ነው ወይስ እንደ ጋዜጣ ሻካራ? ስንት ናቸው? አሁን እርጥብ ናቸው ወይስ መድረቅ ጀምረዋል? እስክትመልሺ ድረስ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኛቸው። እንደተዘጉ እንዳይደርቁ ብቻ።

ባቡር ጣቢያ — 1፡33
ሩዝ ውስጥ ክተቻቸው። ስልኬ ባልዲ ውስጥ ወድቆ ሩዝ ነው ያዳነልኝ።

ሰላም ሳቢያን — 1፡42
ይቅርታ፣ ደንግጬ ምንም ሳልነግራችሁ ጻፍኩ። ወረቀቱ ያብረቀርቃል። 14 ነበሩ፣ አንዱ ጡብ ሆኗል፣ 13 ቀሩ። እነሱ አሁንም እርጥብ ናቸው፣ አንዳንዶቹ ጠርዛቸው መድረቅ ጀምሯል። ጨርቁን አሁን አለበስኳቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ግቢያችን ውስጥ የሰፈር ልጆች እሰበስባለሁ። ኮሚኮቹ ማርቭል ኤጅ ስፓይደርማን የሚባሉት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጡ። የስልሳዎቹን የድሮ የስፓይደርማን ታሪኮች ለልጅም ለአዋቂም እንዲሆኑ እንደገና የሚተርኩ ናቸው። ውጭ የሚኖር የሰፈራችን ልጅ ነው የላከልን። እንግሊዝኛው ለልጆቹ ስለሚከብድ ንግግሩን በአማርኛ በትንንሽ ወረቀት ጽፌ፣ ንግግሩ ያለበት እያንዳንዱ አረፋ ላይ በኮላ ለጥፌዋለሁ። አራት ወር ፈጅቶብኛል። ዛሬ 9 ሰዓት ላይ የሮቶው ጎማ ከቧንቧው ወለቀና ውሃው ቀጥታ ካርቶኑ ላይ ፈሰሰ። እኔ ገበያ ነበርኩ።

የለጠፍኳቸው ወረቀቶች እየለቀቁ ነው። አንዱ መዳፌ ላይ ተጣብቆ ቀረ። «አክስቴ ሜይ እንዳትሰማ» ይላል። የየትኛው ገጽ እንደሆነ ማወቅ አልቻልኩም።

ድጉስ ዘሐረር — 1፡50
ሩዙን ተዪው። ፍሬው ገጽ ውስጥ ገብቶ ራሱ ይጣበቃል።

እኔ ሐረር መጽሐፍ እጠርዛለሁ። ጁገል ውስጥ ካሉ ቤቶች የድሮ የእጅ ጽሑፍ ይዘው የሚመጡ ሰዎች አሉ። ያ የድሮ ወረቀት ውሃ ቢነካውም ብዙ ጊዜ ገጽ በገጽ ይለቃል። የሚያብረቀርቀው ግን ሌላ ጠባይ ነው ያለው። እርጥብ ሳለ ይገለጣል። ተዘግቶ ከደረቀ አለቀ። ስለዚህ ማታውኑ ነው የምትሠሪው፣ ፀሐይ አትጠብቂ።

የማተሚያ ቤት ሰው — 1፡58
ማተሚያ ቤት 22 ዓመት ሠርቻለሁና ምክንያቱን ላስረዳ። ምክንያቱን ያላወቀ ሰው ነገም ያንኑ ይሠራል። የሚያብረቀርቅ ወረቀት ላዩ ላይ ስስ ሽፋን አለው። ሽፋኑ ካኦሊን ከሚባል ነጭ ሸክላ አፈርና ከማጣበቂያ የተሠራ ነው። ሥዕሉ ደምቆ የሚወጣው በዚህ ሽፋን ምክንያት ነው። ውሃ ሲነካው ማጣበቂያው ይለሰልሳል። ሁለት ገጽ ፊት ለፊት ተጋጥመው ከደረቁ አንዱ ሽፋን ከሌላው ጋር ይዋሃዳል። ከዚያ ብትጎትቺው ወረቀቱ አይደለም የሚቀደደው፣ ሥዕሉ ይላጣል። ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ ይፈጥናል። ፀሐይም፣ የፀጉር ቤት ካስክም፣ ካውያም አንድ ናቸው።

ሌላም ልጨምር። መጽሐፍ መሬት ላይ አይቀመጥም። ከመሬት ቢያንስ አንድ ክንድ ከፍ ይበል። ከውሃ ቧንቧ ሥር ደግሞ ጭራሽ አይቀመጥም። ይህን በተማሪነታችን ነው የተማርነው። አሁን ግን ሰው ካርቶን አገኘሁ ብሎ ያገኘው ቦታ ይጥላል።

ገንደ ቆሬ ነኝ — 2፡05
ለእህታችን ከልቤ አዝናለሁ። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ለምንድነው ለድሬ ልጅ ስፓይደርማን የምናነበው? ያውም ዋናውን ሳይሆን ቅጂውን። ዋናው ስታን ሊና ስቲቭ ዲትኮ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1962 ያወጡት ነው፣ በ12 ሳንቲም ይሸጥ የነበረው። ይሄኛው እሱን አለሳልሶ ለሕፃናት ያቀረበ ነው። የጅብና የቀበሮ ተረት እያለን፣ የአለቃ ገብረ ሐና ጨዋታ እያለን፣ ለዚህ ሌሊት መቀመጥ ይገባል?

ሰላም ሳቢያን — 2፡11
ወንድሜ፣ ጅብና ቀበሮውንም እናነባለን። ሁለቱም ካርቶን ውስጥ ቦታ አላቸው። የራሰው ይሄኛው ካርቶን ስለሆነ ነው ስለዚህ የምጠይቀው።

«ቅጂ» ያልከው ግን ልቤን ነክቶታል። የአለቃን ጨዋታ ያንተ አያት እና የእኔ አያት በአንድ ዓይነት አፍ ነው እንዴ የነገሩን? የነገረው ሁሉ በራሱ አፍ ነው የነገረን። እነዚህም የቆየውን ታሪክ ወስደው ለዛሬ ልጅ ነው የነገሩት። እኔም በአማርኛ ደገምኩት። ባለፈው ወር ጴጥሮስ ሌባውን ማስቆም ሲችል ዝም ብሎ እንዳሳለፈው፣ በኋላ ያው ሌባ አጎቱን ቤንን እንደገደለው ስነግራቸው፣ የሰባት ዓመት ልጅ ተነስቶ «እና እኔ የወንድሜን ኳስ የወሰደውን አይቼ ዝም ብያለሁ» አለ። ጴጥሮስ ያልኩት ፒተርን፣ ስፓይደርማኑን ነው፣ እነሱ ናቸው የሰየሙት።

አሁን ምን ላድርግ? ገጹን ልግለጥ?

ደቻቱ ዳር — 2፡16
በ1998ቱ የደቻቱ ጎርፍ የቤታችን ፎቶ አልበም ጭቃ ውስጥ ገብቶ ነበር። የደረቁትን ጎትተን አላቀቅን። የአባቴ ፊት የሌላው ፎቶ ጀርባ ላይ ቀረ። በኋላ አንድ ሰው መከረንና የቀሩትን ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈን ጥቂቶቹን አዳንን። ጡብ የሆነውን እንዳትጎትቺው። እንደዚያው አቆዪው።

ድጉስ ዘሐረር — 2፡20
ደቻቱ ዳር ትክክል ነው። የኮሚክ ወረቀት ግን ከፎቶ የባሰ ነው። ተዘፍዝፎ አንዳንዴ ይለቃል፣ ብዙ ጊዜ ቀለሙን ይዞ ይላጣል። እሱን ለመጨረሻ ተዪው።

አሁን ልብ ብለሽ አንብቢ። ኮሚኩን መሐሉ ላይ የያዙት ሁለት ሽቦዎች ናቸው። ጫፋቸውን በቢላ ጀርባ ቀስ ብለሽ አቃኚና አውጫቸው። ዝገትም ስለሚያመጡ ቢወጡ ይሻላል። ከዚያ ኮሚኩ ቅጠል ቅጠል ይሆናል። ባለ 32 ገጽ ከሆነ ስምንት ቅጠልና አንድ ሽፋን ነው። ብቻቸውን ከሆኑ የሚጣበቁበት የላቸውም።

የት ታስጫቸዋለሽ? አጎበር አለሽ አይደል? አራት ወንበር አቁሚና አጎበሩን ወጥረሽ እሰሪው። ቅጠሎቹን ሳይነካኩ እሱ ላይ ዘርጊያቸው። አየር ከላይም ከታችም ያገኛቸዋል። ቬንትሌተሩን ወደ ግድግዳ አዙሪው፣ ወደ ወረቀቱ አይደለም። ተንጠልጥሎ እንዳይደርቅ፣ እርጥብ ወረቀት በራሱ ክብደት ይቀደዳል። ሊደርቅ ትንሽ ሲቀረው ሰብስበሽ በሁለት ጣውላ መሐል አድርጊና ድንጋይ ጫኚበት፣ እንዳይጠማዘዝ። የገጹን ቅደም ተከተል በእርሳስ ጠርዙ ላይ ጻፊ፣ አለዚያ ጠዋት ታብጃለሽ።

ሰላም ሳቢያን — 2፡29
13 በዘጠኝ 117 ቅጠል ነው። አጎበሩ ላይ የሚበቃው 30 ቢሆን ነው። የቀሩትስ?

አቡሽ — 2፡31
ፀሐይ ላይ ስጫቸው እህቴ፣ ቶሎ ይደርቃሉ።

የከዚራ ልጅ — 2፡32
አቡሽ፣ እኔም እንዳንተ ብዬ ነበር፣ ተሳስቻለሁ። ከላይ አንብብ ወንድሜ።

የአራት ልጆች እናት — 2፡36
የኔ ሁለተኛ ልጅ እናንተ ጋ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ ነገሩ የኔም ነው። ጁስ ቤት አለኝ። ትልቅ ፍሪዘር አለኝ። በረዶ ይዟቸው ቢያድር አይሻልም? ሥጋ በእንዲህ ዓይነት ሙቀት እሱ ነው የሚያቆየው።

ድጉስ ዘሐረር — 2፡39
አንቺ ነሽ መድኃኒቱ! ፍሪዘር መድረቁን ያስቆመዋል፣ መሻገቱንም። እርጥብ ወረቀት በሙቀት ሁለት ቀን ከቆየ ሻጋታ ይጀምረዋል። ሦስቱን ዛሬ አጎበር ላይ አድርጊ። አሥሩን አንድ አንዱን ለየብቻ በፌስታል ጠቅልያቸው፣ በጣም ሳትጨምቂ፣ ጠፍጣፋ አድርገሽ ፍሪዘር ውስጥ አስተኛቸው። በየሳምንቱ ሦስት ሦስት እያወጣሽ በረዶው ሲለቃቸው እርጥብ እንዳሉ ሽቦውን አውጪና ዘርጊ። አጎበር ባይኖር ኬክ ቤቶች ትሪ ላይ የሚያነጥፉት የማይጣበቅ ወረቀት በየገጹ መሐል ይገባል። ጋዜጣ ግን አይሆንም፣ ቀለሙ ይገለበጣል።

ባቡር ጣቢያ — 2፡41
መብራት ቢሄድስ?

የአራት ልጆች እናት — 2፡43
ፍሪዘሩ ሞልቷል፣ ካልተከፈተ ለሰዓታት ይቆያል። አልከፍተውም። ልጄን በባጃጅ አሁን ልኬዋለሁ፣ ሳቢያን ለመድረስ አሥር ደቂቃ ነው። በሩን ክፈቺለት።

የማተሚያ ቤት ሰው — 2፡50
በፌስታሉ ላይ የኮሚኩን ቁጥር በእስክሪፕቶ ጻፊ። የእስክሪፕቶ ቀለም ውሃ ብዙም አያበላሸውም፣ የፓርከር ግን ይፈሳል። አረፋው ላይ የለጠፍሽው በየትኛው ነው የተጻፈው? በእስክሪፕቶ ከሆነ ወረቀቶቹን በሳህን አድርገሽ አድርቂያቸው፣ ጽሑፉ አይጠፋም። ኮላው ነው የሟሟው እንጂ ቃላቱ ሙሉ ናቸው። አራት ወርሽ አልጠፋም ማለት ነው። ከላይ ስለ መደርደሪያው የተናገርኩት ቁጣ መስሎሽ ከሆነ ይቅርታ፣ የወረቀት ነገር ያንገበግበኛል።

ሰላም ሳቢያን — 2፡58
በእስክሪፕቶ ነው! እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ሳህን ላይ ዘረጋኋቸው። 40 የሚሆኑ ወልቀዋል። «አክስቴ ሜይ እንዳትሰማ» ከመካከላቸው አለች።

አሥሩ ሄዱ። ሦስቱን እየፈታሁ ነው። ግን ነገ ጠዋት በእጄ ምን ይዤ እቆማለሁ? ቃል የገባሁላቸው የጥንብ አንሳውን ታሪክ ነበር፣ እሱ ደግሞ ጡብ የሆነው ነው።

የከዚራ ልጅ — 3፡10
እሱን ለእኔ ተዪው። ላሳሳትኩሽ ልካስሽ። ታሪኩ መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው፣ በዋናው መጽሔት ቁጥር 2 ላይ። ጥንብ አንሳው፣ ሽማግሌው ቱምስ፣ የሚበርበት በማግኔት የሚሠራ ክንፍ አለው። ጴጥሮስ ፎቶ አንስቶ ለጄምሰን መጽሔት ሊሸጥ ይፈልጋል፣ ቤታቸው ገንዘብ የለማ። ጥንብ አንሳው ይመታውና አንስቶ የት ይጥለዋል መሰለሽ? ፎቅ ጣራ ላይ ያለ የውሃ ታንከር ውስጥ! ሮቶ በይው። የሸረሪቱ ድር ደግሞ አልቆበታል። ታንከሩ ውስጥ ነው፣ ጣራው ሩቅ ነው። ምን ያደርጋል? ወደ ላይ አይደለም የሚታገለው። እስከ ታች ይጠልቅና መሬቱን በእግሩ ገፍቶ ዘሎ ይወጣል። ከዚያ ቀን በኋላ መለዋወጫ ድር ይዞ መንቀሳቀስ ጀመረ። ክንፉንም የሚያበላሽበት መሣሪያ ሠርቶ ጥንብ አንሳውን አወረደው።

በእጅሽ ጡቡን ያዢ። የሮቶውን ጎማ አሳያቸው። «ትናንት ይሄ ኮሚክ ሮቶ ውስጥ ወደቀ» ብለሽ ጀምሪ። «ተረት ተረት» ስትዪ «የላም በረት» ይሉሻል፣ የቀረውን እነሱ ይጨርሱታል።

ገንደ ቆሬ ነኝ — 3፡18
ይሄ ጥሩ ነው። ያልኩትን አልቀየርኩም፣ የራሳችን ተረትም እንደዚህ በሥዕል ይውጣ ነው የምለው። ሁለት ጣውላ አለኝ፣ ንጹሕ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ አመጣልሻለሁ። ድንጋዩን አንቺ ፈልጊ።

ሰላም ሳቢያን — 3፡40
አንዱ ሙሉ በሙሉ ተዘርግቷል። ሽፋኑ ላይ ስንጥቅ አለ ግን ሥዕሉ ሙሉ ነው። ሁለተኛውን ልጀምር። ጣውላውን እጠብቃለሁ ወንድሜ።

የአራት ልጆች እናት — ቅዳሜ ቀን 7፡15
ልጄ ከንባቡ ተመለሰ። አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ እስከ መሬት ይጎነበስና «ድሬ ላይ ከሮቶ የወጣሁ እኔ ነኝ!» እያለ ይዘላል። ሦስት ጊዜ ተቆጥቼዋለሁ። ወንድሙም ጀምሯል። ሰላም፣ አሥሩ ፍሪዘር ውስጥ ናቸው፣ ማንም አልነካቸውም። መቼ ትወስጃቸዋለሽ? ደውዬ አላገኘሁሽም።

ድጉስ ዘሐረር — እሑድ 4፡05
ሰላም እህቴ፣ ጣውላው ውስጥ ያሉት ዛሬ ይፈተሹ። ጠርዛቸው ቀዝቀዝ ካለ ገና አልደረቁም፣ ዳግም አጎበር ላይ ይውጡ። ስንቱ ዳነ?

የከዚራ ልጅ — ማክሰኞ ማታ 2፡20
ኧረ ሰላም፣ ምን ደረሰ? የእህቴ ልጅ ደብተሩን ሻይ ደፍቶበታል፣ አጎበር ላይ ልዘርጋው ወይስ ደብተር ሌላ ነው?